ጥቀርሻና ነቀርሳ

እቴቴ የምንላት አክስት ነበረችኝ። ቤቷ ከወረታ ወደ ጣና በሚዘልቀው የፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳው ዛፍ የለውም፤ ከብት ግን አለው። ስለዚህ ምድጃዋ የሚያውቀው ኩበት ነው። በልጅነቴ እሷ ዘንድ ስሄድ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው የማድ ቤቷ ጣሪያ ላይ ነበር። ጥቀርሻው እንደ ጥቁር ድር ተንዠርግጓል። ምጣዱ ተጥዶ ጭሱ ሲነሳ ይወዛወዛል፤ አንዳንዴም ሊጡ ውስጥ ጠብ ይላል። «ብትበላው አትሞትም!» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

ከብዙ ዓመት በኋላ የእቴቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። መንደሩ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ የሌሊት ወፍ ሸንታባት ማለታቸው ነው። ቅጠል ተቀጠቀጠላት፣ ጠበል ወረደች። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስትደርስ ጉበቷ ላይ እብጠት ተገኘ፤ «ዘግይታችኋል» ተባልን። በለቅሶው ላይ በሽታውን በስሙ የጠራ ሰው አልሰማሁም። «ያ ክፉ በሽታ» ብቻ ነበር የሚባለው።

ለሙት ዓመቷ ወረታ ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አሉ። ይሄ ካንሰር የሚሉት ከየት መጣ? በእኛ ጊዜ መች ነበር?»

«ነበር እኮ አያ» አልኳቸው። «ስሙን ነው ያጣነው።»

መልሴ ለእሳቸው አልበቃቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልበቃኝም።

በአማርኛ ነቀርሳ እንለዋለን። ሳንባ የሚበላውን ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» ብለነዋል። ለሁለት በሽታ አንድ ስም መሆኑ ነው። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ካንሰር ግን አይተላለፍም። ስሙ አንድ በመሆኑ ግን የካንሰር ታማሚን ብርጭቆ ለብቻ የሚያስቀምጥ ቤት አይቻለሁ። ስም ሲምታታ ፍርሃትም ይምታታል።

በሽታን በሌላ በሽታ ስም መጥራት ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ያ አካባቢ በሚገባ ያውቃል። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ያልቅ ነበር። ወባ ነው እየተባለ የወባ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሰውየው ግን ይመነምናል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ይሞታል። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ትክክለኛው ስም ከተገኘ በኋላ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምናው ተጀመረ፤ ይሞት የነበረው ሰውም መዳን ጀመረ።

ካንሰር ግን ከዚህ ይከብዳል። ዘሩ ተዘርቶ እስኪበቅል 20 እና 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በወጣትነት የተነፈሱት በሽምግልና ይመጣል። ታዲያ የሰው ልጅ መንስኤውን እንዴት ደረሰበት? አያን የሚመልስላቸው ታሪክ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም ከጥቀርሻ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1775፣ ቦታው ለንደን ነው። የከተማው ቤት ሁሉ የድንጋይ ከሰል ያነዳል። የጭስ ማውጫው ጠባብ ስለሆነ የሚጠርጉት ልጆች ናቸው፤ የድሃ ልጆች ጥቀርሻ ለብሰው ይወጡ ይወርዱ ነበር። እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ በቆለጣቸው ከረጢት ላይ የማይድን ቁስል ይወጣባቸዋል። ሐኪሞቹ የአባለዘር በሽታ እየመሰላቸው ሜርኩሪ ያዙላቸው ነበር። (የእኛን የወባ መድኃኒት ያስታውሷል!) ፐርሲቫል ፖት የተባለው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ግን ታማሚዎቹን የሚያመሳስላቸው ሥራቸው መሆኑን አስተዋለ። ካንሰር መሆኑን፣ ያመጣውም ጥቀርሻ መሆኑን ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ጃፓናውያን የጥንቸሎችን ጆሮ ለወራት ቅጥራን እየቀቡ ካንሰር ማብቀል ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች 2 ቶን ቅጥራን አጣርተው ጥፋተኛውን ለዩት፤ ስሙም ቤንዞፓይሪን ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በሲጋራ ጭስ ውስጥ አለ፤ በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥም አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ተሰብስቦ ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስ ካንሰር «ሳያስይዝ አይቀርም» ብሏል።

ይህን አነጋገር ልብ በሉልኝ። ድርጅቱ ነገሮችን «ያስይዛል»፣ «ሳያስይዝ አይቀርም»፣ «ሊያስይዝ ይችላል» እያለ ይመድባል። ምደባው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይናገርም። በሰፈሩ ጅብ አለ ማለትና ጅብ በላኝ ማለት ለየቅል ናቸው። ካንሰር አምጪ የነካው ሁሉ አይታመምም፤ ምንም ያልነካውም በዕድሜ፣ በዘር ወይም እንዲሁ በክፉ አጋጣሚ ይታመማል። ታማሚን «ምን አድርጎ ነው?» እያሉ መክሰስ ከበሽታው የባሰ ነውር ነው።

አሁን ወደ እቴቴ ጉበት ልመለስ። ጉበትን ለካንሰር ከሚያጋልጡት ነገሮች ሁለቱ ለሜዳችን ቅርብ ናቸው። አንደኛው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በሌሊት ወፍ ከምናሳብበው የወፍ በሽታ ከፊሉ የእሱ ሥራ ነው፤ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። መኖው ሲመረመር ከብራዚል የመጣ ኦቾሎኒ ሻግቶ ኖሯል። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ፤ ዛሬ «ያስይዛል» ከተባሉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ በሻገተ በቆሎ ምክንያት 125 ሰዎች ሞተዋል። ቫይረሱና ሻጋታው አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው የሚያድገው።

ፎገራ በወተት ላሙ የታወቀ አገር ነው፤ ኑግም አብቃይ ነው። በ2007 ዓ.ም ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምረው ነበር። በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ አውሮፓውያን ከሚፈቅዱት መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆነ። የሻገተውን ላሟ ትበላለች፣ መርዙ በወተቷ ይወጣል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። በ1998 ዓ.ም ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የራሰውን እህል አስቡት። እቴቴም የሻገተ እህል መጣል አይሆንላትም ነበር፤ ለላሟ ትሰጠዋለች። በደንብ የደረቀ እህል አይሻግትም፤ ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከአያቶቻችን ነው፤ ጎርፍ ግን አያት አያከብርም።

ሦስተኛው ነገር አዲስ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ የመጣው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በሚባሉ የገበሬ ማኅበራት ዘንድ አስለመዱት። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ከዚያው ይዞ ቀረ። ያ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ በረከት ሆነ፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ነው የተቋቋመው። ከበረከቱ ጋር ግን አረም ማጥፊያውና ፀረ ተባዩ መጣ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታይንን፣ ግላይፎሴትንና ዲዲቲን «ሳያስይዙ አይቀርም» ብሎ መደባቸው፤ ቱ ፎር ዲን ደግሞ «ሊያስይዝ ይችላል» ከሚባሉት ጋር አስቀመጠው። እኔ ያየኋቸው ወጣቶች መርጫውን በጀርባቸው አዝለው፣ በባዶ እግራቸው፣ አፋቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ይረጫሉ። ባዶው ዕቃ ታጥቦ የዘይት መያዣ ይሆናል።

መርጨት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በአረም የተዋጠ ሩዝ ልጅ አያሳድግም። ለንደን ሌላ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ ሐኪም የአገሩን የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ከሌላው አውሮፓ ጠራጊዎች ጋር አወዳደረ። ሰውነትን ሸፍኖ የሚይዝ ልብስ በሚለብሱትና በየቀኑ በሚታጠቡት ዘንድ በሽታው ብርቅ ነበር። ዓለም የቤንዞፓይሪንን ስም ከማወቁ 40 ዓመት በፊት ሳሙናና ልብስ ሰው አድነዋል።

በአገራችንም የተጀመረ ነገር አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ክትባትም በ2011 ዓ.ም ለልጃገረዶች ተጀምሯል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ይቆጥራል፤ የሴቶቹ ዋና ጠላቶች የጡትና የማህፀን በር ካንሰር መሆናቸውን በቁጥር ነግሮናል። የአዲስ አበባ መዝገብ ግን የወረታን ሬሳ አይቆጥርም። የእቴቴ ካርድ ላይ ስሟና ዕድሜዋ ተጽፏል። ምን ስታነድ እንደኖረች፣ ምን እንደበላች፣ ቫይረሱ ይኑርባት አይኑርባት የጠየቀ አልነበረም። ፖትን ታላቅ ያደረገው ቢላዋው አይደለም፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» የምትለው ጥያቄ ናት። ይቺን ጥያቄ ካርድ ላይ ለመጨመር ዶላርም ማሽንም አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለአያ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲህ እሷን የገደላት የትኛው ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ጭሱም፣ ሻጋታውም፣ ቫይረሱም አጠገቧ ነበሩ፤ የመዘገበ ግን የለም።

በማግስቱ ልሰናበታቸው ስሄድ የልጅ ልጃቸው መርጫውን አዝሎ ከጓሮ ሲወጣ ደረስኩ። እግሩ ባዶ ነው። አያ ጠሩትና ቦት ጫማውን አስደረጉት። «ስትመለስም ገላህን ታጠብ፤ ሸሚዝህንም ከሕፃኑ ልብስ ጋር እንዳትዘፈዝፍ» አሉት። ልጁ በግርምት አያቸው፤ እሺ ብሎ ግን ሄደ።

ፖት ከጻፈ በኋላ እንግሊዝ ልጆችን ከጭስ ማውጫ ውስጥ ጨርሶ ያወጣው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ከማወቅ እስከ ማድረግ ልክ 100 ዓመት ፈጀ። አያ አንድ ሌሊት ነው የፈጀባቸው።