ነጩ ሽቦና ስሙ፦ በፀሐይ ኃይል ደንብ ውስጥ የአንድ ሙያዊ ቃል ታሪክ

የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ደንቡ ዛሬ በየሦስት ዓመቱ እየታደሰ ይሠራበታል፤ በዚያ አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም የሚመሩት በእሱ ነው። ደንቡን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ «ኢንቨርተር» እና «ፊውዝ» የሚሉትን እንዳሉ ወስዶ ሊያልፍ ይችላል። የሚያስቸግረው «ግራውንድ» ከሚለው ግንድ የወጡት ቃላት ናቸው። የፀሐይ ኃይል ከመጣ በኋላ እነዚህ ቃላት የደረሰባቸውን ለውጥ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ደንቡ ከዚህ ግንድ ሁለት የሽቦ ስሞች አውጥቷል። አንደኛው «ግራውንድድ» የተባለው አስተላላፊ ነው። ይህ በዘወትር ሥራ ጅረት የሚሸከምና ሆን ተብሎ ከመሬት ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ ሽፋኑ ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ሁለተኛው «ግራውንዲንግ» የተባለው፣ የመሣሪያዎችን የብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኝና በደኅናው ጊዜ ጅረት የማይሸከም ነው፤ እሱም አረንጓዴ ወይም ያለ ሽፋን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ባዕድ መድረሻቸው ብቻ ነው። የእኛ ሠራተኞች በአፍ ሲነጋገሩ ሁለተኛውን «ግራውንድ»፣ የመጀመሪያውን «ኒውትራል» ይሉታል፤ ለቤት መብራትም ይህ ይበቃል። ከሶላር ፓኔል የሚወጣው ግን ቀጥተኛ ጅረት ስለ ሆነ፣ ሽቦዎቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እንጂ «ኒውትራል» አይደሉም። ስለዚህ ልማዱ ተርጓሚውን እዚህ ላይ ይተወዋል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ አለው። «ያዘ» ከሚለው ግሥ «ተያያዘ» እና «አያያዘ» ይወጣሉ፤ ተደራጊውና አድራጊው በጆሮም በዓይንም ይለያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ከመሬት የተያያዘ»፣ ሁለተኛውን «ከመሬት የሚያያይዝ» ብለን እንድንጠራ እንመርጣለን። አጭር ይሁን ተብሎ «ባለመሬት ሽቦ» ቢባል ከኤሌክትሪክ ይልቅ ርስት ያስታውሳል። ጅረት ከመስመሩ ወጥቶ ወደ መሬት የሚያልፍበትን ብልሽትም ቃል በቃል «የመሬት ስንጥቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አንባቢውን ወደ ሥነ ምድር ይወስደዋል።

የሲሊኮን የፀሐይ ሴል በቤል ላቦራቶሪ ለሕዝብ የታየው በ1954 ነበር። ደንቡ ለፀሐይ ኃይል የራሱን አንቀጽ፣ ማለትም አንቀጽ 690ን፣ የሰጠው ከ30 ዓመት በኋላ በ1984 ነው። በ1987 ደግሞ በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ለሚተከሉ ፓኔሎች፣ ወደ መሬት የሚያልፍን ጅረት የሚያስታውቅና የሚያቋርጥ መከላከያ እንዲደረግ አዘዘ። መከላከያው በብዙ ኢንቨርተሮች ውስጥ አንድ ትንሽ ፊውዝ ነበር፤ ነጩ ሽቦ ከመሬት ጋር የሚገናኘውም በዚሁ ፊውዝ በኩል ነበር።

የቃሉ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብልሽት ደርሶ ፊውዙ ሲቃጠል፣ ነጩ ሽቦ ከመሬት ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ ግን ፓኔሉ ማመንጨቱን አይተውም። በዚህ ጊዜ «ከመሬት የተያያዘ» የተባለው ሽቦ በመቶ የሚቈጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል። ስሙን አምኖ የሚነካው ጠጋኝ ሊሞት ይችላል። ደንቡም ይህን አውቆ፣ ብልሽት ከተመለከተ በዘወትር ከመሬት የተያያዙት ሽቦዎች ያልተያያዙና ኃይል ያለባቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍ አድርጓል። በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ዋናው ቃል «በዘወትር» ነው። ተርጓሚ እንደ ማጣፈጫ ቈጥሮ ቢዘለው፣ የተያያዙት ሽቦዎች ያልተያያዙ ናቸው የሚል ትርጉም የለሽ ዐረፍተ ነገር ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ማንም አያምነውም።

በ2009 በካሊፎርኒያ፣ ቤከርስፊልድ ከተማ፣ በአንድ ትልቅ መደብር ጣሪያ ላይ የተነሣው እሳት ሌላ ነገር ገለጠ። በትልልቅ ተከላዎች ፊውዙም ትልቅ ነው። ከመሬት የተያያዘው ሽቦ ራሱ ሌላ ቦታ ላይ ብረት ቢነካ፣ በዚያ የሚያልፈው ጅረት ፊውዙን ለማቃጠል ስለማይበቃ ማንም አያውቅም። በኋላ ባልተያያዘው ሽቦ ላይ ሁለተኛ ብልሽት ሲደርስ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ጅረቱ ግን በቀድሞው ብልሽት በኩል መንገድ ስላገኘ አይቆምም። ባለሙያዎቹ ይህን ጉድለት «ዕውር ቦታ» ብለው ሰየሙት፤ በአማርኛም እንዳለ የሚያገለግል ስም ይመስለናል።

ደንቡ በ2005 ሁለቱም ሽቦዎች ከመሬት ሳይያያዙ የሚሠሩ ተከላዎችን ፈቅዶ ነበር። በ2017 ግን ስያሜውን ራሱን አሻሻለ። በፊውዝ ወይም በሌላ መሣሪያ በኩል ከመሬት የተገናኘው ሁሉ በቀጥታ ያልተያያዘ ስለ ሆነ፣ «ፈንክሽናል ግራውንድድ» የሚል ሦስተኛ ስም ተሰጠው፤ የነጭነት ምልክቱም ተነሣለት። ሠላሳ ዓመት «የተያያዘ» ሲባል የኖረው ሽቦ ቀድሞውንም በቀጥታ የተያያዘ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ስም «በተግባር ከመሬት የተያያዘ» ብሎ መመለስ ይቀላል፤ ነገር ግን ከባድ ስሕተት ነው። በአማርኛ «በተግባር» ማለት «በእውነቱ፣ በሥራ እንደሚታየው» ማለት ስለ ሆነ፣ ደንቡ ሊል ከፈለገው ተቃራኒውን ይናገራል። እኛ «ለአሠራር ብቻ ከመሬት የተያያዘ» የሚለውን እናቀርባለን። «ብቻ» በእንግሊዝኛው የለም፤ ሆኖም ጥንቃቄውን የሚሸከመው ይህ ቃል ስለ ሆነ ይጨመር እንላለን። ለተነጻጻሪው ደግሞ «በቀጥታ ከመሬት የተያያዘ» ይበቃል።

ክፍላተ ሀገሩ የደንቡን እትሞች የሚቀበሉት በተለያየ ጊዜ ነው፤ ከ2017 በፊት የተዘረጉ ነጫጭ ሽቦዎችም ገና ከጣሪያ አልወረዱም። ስለዚህ አንዱን ስም በሁሉም ሰነድ ላይ ማስገባት አይቻልም፤ ተርጓሚው የያዘው እትም የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ አይቶ፣ ዓመቱን ከስያሜው አጠገብ ይጻፍ።