ምራቂ የቀረበት ደንበኛ፦ ነጻ የነበረ አፕ ክፍያ ሲጀምር

ነጻ የነበረ የስልክ አፕ ክፍያ ሲጀምር ተጠቃሚው ለምን ይቆጣል? የተለመደው መልስ የተቀዳው ክሪስቲና ሻምፓኒየር፣ ኒና ማዛርና ዳን አሪዬሊ በ2007 ካሳተሙት ጥናት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መልሱም ዜሮ ከሌላው ዋጋ የተለየ ጉልበት አለው የሚል ነው። አሪዬሊ በኋላ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ሊንት የተባለው ውድ ቸኮሌት በ15 ሳንቲም፣ የሄርሺ ተራ ቸኮሌት በ1 ሳንቲም ሲሸጡ 73 በመቶው ሊንትን መረጠ። ሁለቱም አንድ አንድ ሳንቲም ሲቀንሱና ተራው ነጻ ሲሆን ግን 69 በመቶው ወደ ነጻው ዞረ።

በሙከራው ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ውጤቱ ወደ አፕ መወሰዱ ላይ ነው። ቸኮሌት ፊት የቆመ ሰው ገና የእሱ ያልሆነውን ይመርጣል፤ የአፕ ተጠቃሚ ግን የሦስት ዓመት ማስታወሻውን እዚያው አኑሯል። ሙከራው የመዘነው መግቢያውን ነው፤ ቁጣው ያለው ግን ከገቡ በኋላ ነው።

በዚህ ክርክር እምብዛም የማይነሳው የካህነማን፣ የክኔችና የቴለር የ1986 ጽሑፍ ይልቅ ጉዳዩን ይነካል። የበረዶ አካፋ በ15 ዶላር ይሸጥ የነበረ ሱቅ፣ በረዶ በጣለ ማግስት 20 ቢያደርገው ተገቢ ነውን ብለው ሲጠይቁ 82 በመቶው አይደለም አለ። ደንበኛ የለመደውን ውል እንደ መብቱ ይቆጥረዋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ጉልት መሄድም ይበቃል። ቸርቻሪዋ ቲማቲሙን መዝና ስታበቃ ያለ ምራቂ ከረጢቱን ብታቀብል፣ ዋጋው ባይነካም የዘወትር ደንበኛዋ እጁን ዘርግቶ ይቆያል።

ለዚህ ምስክሬ፣ ዜሮ ጨርሶ ያልገባበት የሞኑመንት ቫሊ ጨዋታ ነው። በ2014 የወጣው በ3.99 ዶላር ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ተጨማሪ ምዕራፎቹ በ1.99 ሲቀርቡ ቀድመው የከፈሉ ሰዎች የአንድ ኮከብ ምዘና አዘነቡበት። ከዜሮ ወደ አንድ የተዘለለ ነገር አልነበረም። የተጣሰው፣ የሚጨመረው ሁሉ ከገዛሁት ጋር ይመጣል የሚለው ልማድ ነው።

ዋትሳፕ ደግሞ ለአንድሮይድ ተጠቃሚዎቹ የመጀመሪያው ዓመት ነጻ፣ ከዚያ በዓመት 99 ሳንቲም መሆኑን አስቀድሞ ነገራቸው። በ2014 ፌስቡክ ሊገዛው ሲስማማ 450 ሚሊዮን የወር ተጠቃሚ ነበረው። ክፍያው በጥብቅ አልተሰበሰበም የሚል ይኖራል፤ ይሁን፣ ውሉ ግን ተነግሯል። ርካሽ ስለነበረ ነው ለሚለውም 1.99 ምን ያህል ውድ ነው? በ2016 ክፍያው ሲቀር ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ብዙ ተጠቃሚዎች የባንክ ካርድ እንደሌላቸው ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ ዋሽንግተን ያለ የአክስቱን ልጅ «በካርድህ ክፈልልኝ» ያለ ሰው፣ በዜሮና በአንድ ዶላር መካከል ያለው ገደል የሥነ ልቦና እንዳልሆነ ያውቃል።

በጥቂት ምሳሌ ሕግ እንደማይወጣ አልዘነጋሁም። ቢሆንም ቴሌግራም በ2022 ፕሪሚየም የተባለውን የክፍያ አገልግሎቱን ሲጀምር ነጻ የነበረው ነጻ ሆኖ እንደሚቀጥል አስታውቆ ነበር፤ የማስታወሻ አፑ ኤቨርኖት ግን በ2016 ነጻ ተጠቃሚውን በሁለት መሣሪያ ወሰነው፤ በ2023 መጨረሻም በ50 ማስታወሻ። ሦስት መቶ ማስታወሻ ያለው ሰው የድሮዎቹን ከፍቶ ማንበብም ማረምም ይችላል፤ አዲስ መጻፍ ግን አይችልም። ታዲያ ምን ተነጠቀ? ይባል ይሆናል። ከጉልት ደንበኛውም ያለፈው ሳምንት ከረጢት ውስጥ ማንም አንዲት ቲማቲም አላወጣበትም።