በነጻ የተሰጠው ሥዕል



ያለ ዋጋ የተሰጠ ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ዛሬ አቀርብላችኋለሁ። ነገሩ በኮምፒዩተር ስለሚላክ ሥዕል ነው፤ የምጠቅሳቸውም ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1987 በአሜሪካ አገር ኮምፒዩሰርቭ የተባለ ኩባንያ ሥዕልን በስልክ መስመር ለማስተላለፍ የሚያገለግል ጂአይኤፍ የተባለ የፋይል ዓይነት አወጣ፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበትም ፈቀደ። በዚያን ጊዜ መስመሩ እጅግ ዝግተኛ ስለ ነበረ ሥዕሉን አስቀድሞ መጭመቅ ግድ ነበር። አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የአንድን መሥሪያ ቤት ረዥም ስም በየደብዳቤው ከመጻፍ ይልቅ ቁጥር ሰጥቶ ቁጥሩን ብቻ ቢያሰፍር ወረቀትም ጊዜም ይተርፈዋል፤ ኮምፒዩተሩም በሥዕሉ ውስጥ የሚደጋገመውን እንዲሁ ቁጥር እየሰጠ ያሳጥረዋል። የዚህን ዘዴ መሠረት በ1977 እና በ1978 ያሳተሙት ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ለምፔል የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት ሲሆኑ፥ ቴሪ ዌልች የተባለ አሜሪካዊ አሻሽሎ በ1984 በመጽሔት ገለጠው።

ታዲያ ዌልች ይሠራበት የነበረው ስፔሪ የተባለ ኩባንያ በ1983 ማመልከቻ አቅርቦ ኖሮ፥ ፓተንት የሚባለው የፈጠራ መብት በ1985 ተሰጠው። በ1986 ስፔሪ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ዩኒሲስ በተባለ ጊዜ መብቱም አብሮ ተላለፈ። ኮምፒዩሰርቭ ሳያውቅ የሰውን ንብረት ለሕዝብ ሲያድል ኖሯል ማለት ነው።

በዴሴምበር 1994 መጨረሻ ጂአይኤፍ የሚጠቀም ፕሮግራም የሚሸጡ ሁሉ ለፈቃዱ እንዲከፍሉ ተነገረ። ሻጩስ ከገዢው ላይ አስቦ ይከፍላል፤ የሚጨንቀው ፕሮግራሙን በነጻ የሚያድለው ሰው ነው፤ ስንት ቅጂ እንደ ተባዛ እንኳ የማያውቅ ሰው በቅጂ ተቆጥሮ የሚጠየቀውን ከየት ያመጣል? እርግጥ ዩኒሲስ ያን ጊዜ ለትርፍ ያልተሠራውን ምሮት ነበር። ነገር ግን በቸርነት የተፈቀደ በቸርነት መጓደል ይነሣልና፥ በ1999 ይህን ምሕረት ሻረው። የተቈጡትም ሰዎች ኖቬምበር 5 ቀንን ጂአይኤፍን የማቃጠያ ቀን ብለው ሰየሙት፤ የማይዳሰስ ሥዕል እንዴት እንደሚቃጠል ግን ለእኔ አይገባኝም።

ይልቅስ ቁም ነገር የሠሩት ሌሎች ናቸው። በጃንዋሪ 1995፥ ማስታወቂያው በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ ቶማስ ቡቴል የተባለ ፕሮግራመር የአዲስ ፋይል ንድፍ አቀረበ፤ ሌሎችም በኮምፒዩተር መረብ እየተጻጻፉ አርመው ፒኤንጂ አሉት። ለመጭመቂያ የመረጡት ዘዴ መሠረቱ የእነዚያው የዚቭና የለምፔል የ1977 ሥራ መሆኑ ያስደንቃል። ዚሊብ የተባለው የመጭመቂያው ፕሮግራም ከነምንጭ ጽሑፉ፥ ማንም እንዲያነበው፥ እንዲያርመውና እንዲያሠራጨው ተፈቅዶ ተሰጠ፤ ዳኛ ቢጠየቅበት እንኳ የሚታይ ግልጽ ፈቃድ ነበረው። ጂአይኤፍ ያጣው ይህንኑ ነበር።

የዩኒሲስ መብት በአሜሪካ ጁን 20 ቀን 2003፥ በሌሎችም አገሮች በ2004 አበቃ። ከዚያ ወዲህ ጂአይኤፍ ለሁሉ ክፍት ሆኗል፤ ፒኤንጂ ለማይንቀሳቀስ ሥዕል ብቻ የታሰበ ስለ ነበረም፥ የሚንቀሳቀሱትን ትንንሽ ሥዕሎች የያዘው እስከ ዛሬ ያው የጥንቱ ፋይል ነው።