የተዘጋው መዝገብ ለማን ተዘጋ?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል የአገራችን ሰው። ይህቺን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናታል። የገባችን ግን በቅርቡ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

አጠገባችን የተቀመጡ እናት ጉልበታቸው ላይ ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም። የአምባሰል ሰው ናቸው። በመሬት ወሰን ከዘመድ ጋር ተካሰው ዓመታት ተመላልሰዋል። «እማማ፣ ታዲያ ምን ተወሰነ?» አልናቸው።

«ተዘግቷል አሉኝ ልጆቼ። ልጄ ታሞብኝ አንድ ቀጠሮ ቀረሁ፤ ስመለስ ተዘግቷል አሉኝ። ለማን እንደተዘጋ ግን አላወቅሁም።»

የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አንጽፍም፤ ነገራችን ከአንድ ችሎት ጋር አይደለም። ግን እስቲ አስቡት፤ ዓመቱ ሲያልቅ «ይህን ያህል መዝገብ ተከፈተ፣ ይህን ያህሉ ተዘጋ» የሚል ሪፖርት በዜና እንሰማለን አይደል? የእማማም መዝገብ ከተዘጉት ጋር ይደመራል። ለሪፖርቱ አንድ ሥራ ተሠራ፤ ለእማማ ምንም አልተሠራም።

የፍትሕ ሥርዓታችን የቱ ጋ እንደታመመ ለማወቅ ቁጥር እንደሚያስፈልገን አንጠራጠርም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ቁጥሩ የሚቆጥረው የማንን ነገር ነው? ለዚህ መልስ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም። ሚኒባሱ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ።

ከሐይቅ እንጀምር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ከመካከላችን ሴቶቹ ውኃው ዳር ቀርተናል። ገዳሙ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራ አራቱ ወንጌል አለው። የተጻፈበት ዘመን በትክክል ከሚታወቅ የአገራችን የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ውስጡ ያለው ወንጌል ብቻ አይደለም፤ የገዳሙን መጻሕፍት የሚዘረዝር ማስታወሻም ተጽፎበታል። በአገራችን ብዙ አድባራትና ገዳማት የመሬት ስጦታና ውልም ወንጌል ላይ ይጻፍ ነበር፤ «የወርቅ ወንጌል» ይሉታል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ከወንጌል ላይ ፊደል ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነው። ክርክር ሲነሳ ደግሞ መጽሐፉን ገልጦ ማየት ነው። እንግዲህ «ዳታ» ስንል ፈረንጅ ያመጣው ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ጽፎ መያዝ፣ ቆጥሮ መያዝ፣ ከዚያ በተጻፈው መዳኘት ለሐይቅ ሰው እንግዳ አይደለም።

መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሐይቅ በስተሰሜን ያለችውን ውጫሌን የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል በአማርኛም በጣሊያንኛም ተጽፏል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሡ ከፈለጉ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። በጣሊያንኛው ግን መቻሉ ግዴታ ሆኖ ተነበበ። ኢጣሊያም ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። አንድ ሰነድ፣ ሁለት አንባቢ፣ ሁለት ትርጉም! «ተዘጋ» የሚለው ቃልም ዛሬ እንደዚያው ነው። ሬጅስትራሩ ሲያነበው ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ የአምባሰሏ እናት ሲያነቡት በር ተዘጋ ማለት ነው።

ቁጥሩ ጭራሹን ሲደበቅስ? ይህንንም ወሎ ያውቀዋል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲበረታ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ፤ መንግሥት ግን ነገሩን አድበስብሶ ለማለፍ ሞከረ። የሞቱት ስንት እንደሆኑ ዛሬም አንድ ቁጥር የለም፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። በ1966 ዓ.ም. ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማንስ እንደደበቀ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰነድ ሰበሰበ፣ ባለሥልጣናትን ጠየቀ። ከዚያስ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። ማስረጃው ፍርድ ቤት ሳይደርስ ጥይት ቀደመው። የወሎ ሟቾችም ፍርድ ሳያገኙ ቀሩ።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ፍርድ ቤቶቻችን እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የነበረው የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ከአንድ የኔዘርላንድ የሕግ ማዕከል ጋር ያዘጋጀው የመነሻ ጥናት ወጣ። ከፖሊስ እስከ ማረሚያ ቤት፣ ከዐቃቤ ሕግ እስከ ዳኛ መላውን የፍትሕ ሥርዓት እንደ ሐኪም መረመረ። ሦስት ዋና ሕመሞችንም ጠቀሰ፦ ሥርዓቱ ለድሃው ቅርብ አይደለም፣ ችግሩንም አይሰማም፤ ሙስናን፣ በሥልጣን መባለግንና የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ለማስቆም በቂ እርምጃ አልተወሰደም፤ የበጀት እጥረቱ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያባብሳል። መንግሥት ራሱ ባሠራው ጥናት እንዲህ መባሉን ልብ በሉልን።

መድኃኒቱስ? በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በካናዳ ድጋፍ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ ከክልል ከተማ ሆኖ አዲስ አበባ ያለ ችሎት ፊት መቅረብ የሚያስችል የፕላዝማ ችሎትም መጣ። እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው። ለኮምፒውተር የሚመቸው ግን ፍጥነቱ ነበር። ፍጥነት ይቆጠራላ! ጣልቃ ገብነት በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባል?

ፍጥነቱ ራሱ ያታልላል። ዐሥር መዝገቦች አሉ እንበል። ዘጠኙ በአንድ አንድ ወር አለቁ፤ ዐሥረኛው 5 ዓመት ፈጀ። አማካዩ ሰባት ወር አይሞላም። ሪፖርት ላይ ሲቀመጥ ያምራል፤ ዐሥረኛው ሰውዬ ግን የትም አይታይም። ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ሕጉ ምክንያት አለው፤ ተከሳሽስ እስከ መቼ ይንገላታ? ግን በፍርድ የተዘጋው፣ በዕርቅ የተዘጋውና የትራንስፖርት ብር አጥቶ ከቀረ ሰው ላይ የተዘጋው አንድ ላይ ከተደመሩ፣ ያ ድምር ምን ይነግረናል?

ሌላ የቆጠራ መንገድም አለ፦ ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ። መቀመጫውን ሄግ ያደረገው ሂል የተባለ ተቋም በ2012 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ያደረገው ጥናት መዝገብ ቤት አልሄደም፤ ዜጎችን «ምን ችግር ገጠማችሁ? ወዴት ሄዳችሁ? መፍትሔ አገኛችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መሬት፣ ወንጀልና የጎረቤት ጠብ ጎልተው ወጡ። ብዙው ሰው ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ ዘመድና ሽማግሌ እንደሚሄድም ታየ። ይህን የፍርድ ቤት ሪፖርት ሊነግረን አይችልም፤ ያልመጣ ሰው መዝገብ የለውማ።

እንዲህ ያለ ቁጥር መድኃኒቱንም ይለውጣል። ጠቡ ከመሬት የሚመነጭ ከሆነ ዳኛ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ምንጩ ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር፣ በስዊድን ድጋፍ ከተሞከረባቸው ቀበሌዎች አንዱ ደሴ አጠገብ ያለው ገራዶ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ወሰኑን እያየ ተመዘገበ። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ሰፈረ። ስሟ የተጻፈ ሚስት በፍቺ ቀን ምስክር ፍለጋ አገር ማዳረስ የለባትም። ይህ ከወርቅ ወንጌሉ ጋር አይመሳሰልባችሁም?

ወረቀት ግን ይቃጠላል፣ ይቀደዳል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። በአንድ ቅጂ ብቻ የሚኖር መብት እንዴት አደገኛ እንደሆነ ወሎ ከማንም በላይ አይቶታል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። ፍርድ ቤቶች «ይህን ያህል ዘጋን» ሲሉን «እንዴት?» ብለን እንጠይቅ። ስንቱ በፍርድ፣ ስንቱ በዕርቅ፣ ስንቱ ባለጉዳይ በመቅረቱ? የቀረውስ ለምን ቀረ? ከስንት ኪሎ ሜትር ነበር የሚመጣው? ዕድሜው የረዘመው መዝገብ ስንት ዓመቱ ነው? ይህን ለመጻፍ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይበቃል። ሕግ የምትማሩ፣ ኮምፒውተር የምትማሩ፣ ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ ይህ የእኛ ትውልድ ሥራ ነው።

እማማ ከእኛ በኋላ የሚወርዱ ነበሩ። ሐይቅ ላይ ስንወርድ ፌስታሏን እንደያዙ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር ተመልሶ ይከፈታል?» አሉን። አንዳንዴ እንደሚከፈት፣ ጊዜ ሳያልፍ ሄደው የቀሩበትን ምክንያት እንዲያስረዱ ነገርናቸው። «እሺ፣ ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ።

ያ ሰኞ በየትኛው ሪፖርት ውስጥ ይቆጠር ይሆን?