ትምህርትና ጨዋታ፤ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ሰበታ መርሐ ዕውራን

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የሚወጣ ሰው ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ቡራዩን፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ጎጃም የሚሄድም ሱሉልታን ሳያልፍ አይጓዝም። እነዚህ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለው በፋብሪካና በአዳዲስ ሰፈሮች ብዛት ይታወቃሉ እንጂ ስለ ትምህርት ታሪክ ሲነሣ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ብዙ አይደለም። ሆኖም ሕፃንን በጨዋታ፣ በዜማና በእጅ ሥራ እያነቃቁ ማስተማር ከባሕር ማዶ በቅርብ ጊዜ የመጣ ብልሃት ነው ብለው ለሚያምኑ ሁሉ፣ ነገሩ ከዚህ ምድር ጋር ምን ያህል የቆየ ዝምድና እንዳለው የሚያስረዳው ምስክር ከእነዚሁ መንገዶች አይርቅም።

ከጥንት ጀምሮ በየደብሩ ቅጥር በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው የንባብ ተማሪ ፊደሉን የተማረው ስንደዶውን በገበታው ላይ እያስኬደና ድምፁን ከፍ አድርጎ እያዜመ ነበር፤ ፊደሉን በተራው ካወቀ በኋላም ተራው ተበጥብጦ በአቡጊዳ ይቀርብለታል፤ ይህም የሆነው ልጁ መልኩን ለይቶ ሳያውቅ በቃል ልማድ ብቻ እንዳያልፍ ነው። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ቈጣሪውን ያስተምራል፤ ማታ ብርሃን ሲጠፋ ደግሞ መጽሐፍ የማያስፈልገው የቃል ትምህርት ይቀጥላል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ዓይን ያለውና ዓይነ ስውሩ ተማሪ ፍጹም እኩል ነበሩ፤ ዓይነ ስውራን በዜማና በቅኔ ለመምህርነት መዓርግ የበቁባት ቤተ ክርስቲያን ይህን ያገኘችው ከዚህ ሥርዓት ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። የዱላውንና የረኃቡን ነገር ግን አልሸሽግም፤ የቆሎ ተማሪ ብዙ መከራ ተቀብሏል።

የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ከሚደርስበት ከጎጃም፣ ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ቤቶች የሚገኘው አብነት ግን ከሁሉ ይበልጣል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቃል ሰምቶ መልሶ በመናገር አይመሰገንም፤ ሰዋስዉን ከተማረ በኋላ ለብቻው ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ፣ ኅሊናውን ሰብስቦ፣ ከዚያ ቀን በፊት ማንም ያልተናገረውን ሰምና ወርቅ ይቈጥራል፤ ያገኘውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱን ይመዝናል፣ ስሕተቱን ያርማል፣ የተወደደውንም ያደንቃል። ሁለት ቤት ብቻ ካለው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን አልፎ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ሲደርስ በየደረጃው የሚጠየቀው አዲስ ነገር መፍጠር ነው። ዛሬ የፈጠራ ችሎታን ማዳበር የምንለውን ነገር በየቀኑ ግዴታ አድርጎ የያዘ፣ ከዚህ የጸና ሥርዓተ ትምህርት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከቤተ ክህነት ውጭ ደግሞ ምድጃ ዳር የሚውል ሌላ ትምህርት ቤት ነበረ። የአማራ ልጅ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ መልሱን ካጣ አገር ስጠኝ ይባላልና ያወቃቸውን አገሮች ስም ሲጠራ ያመሻል፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ልጅም ሂቦ በሚባለው የእንቆቅልሽ ጨዋታ አሳቡን ይስላል። ይህን የቃል ሀብት በማስተማሪያ መጽሐፍነት በቀዳሚነት ከሠሩት መካከል ከባርነት የወጣችው አስቴር ገኖ ናት፤ እርስዋ የሰበሰበቻቸው ተረቶች፣ መዝሙሮች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች የገቡበት የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ተዘጋጅቶ በግዕዝ ፊደል በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ታተመ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ጨዋታ የመጀመሪያ ንባቡ እንዲሆንለት ያሰበች ኢትዮጵያዊት ሴት የነበረችው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ብዙ በጎ ነገር አምጥቷል፤ ነገር ግን ቅኔ ቈጠራውንም እንቆቅልሹንም ከበር ውጭ ትቶ፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈውን ተማሪው በደብተሩ የሚገለብጥበትን ልማድ አነገሠ።

ይህ ልማድ ፈጽሞ ሊሠራ ያልቻለበት ስፍራ ግን ሰበታ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በዚያ የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ሰሌዳ የማያዩ ልጆችን ሰብስቦ በአዳሪነት ሲያስተምር፣ መምህሩ ዕውቀቱን ሁሉ ወደ ጆሮና ወደ ጣት ማዛወር ግድ ሆነበት። በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን የብሬል ጽሕፈት የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ዓይነ ስውር ሉዊ ብሬል ነው። የእርሱ 6 ነጥቦች 63 ምልክት ብቻ ይወጣቸዋል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ግን 231 ናቸውና ለእያንዳንዱ የተለየ ምልክት መስጠት አይቻልም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ዓይነ ስውሩ ሕፃንም ካዕብና ሣልስ ከምን እንደ ተሠሩ በጣቱ ጫፍ ይረዳል፤ የሚያየው ሕፃን ግን ይህን ምሥጢር ብዙ ዓመት ሳያስተውለው ይኖራል። ወረቀቱን ስሌት በሚባለው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ አጥብቆ ስታይለስ በሚባለው መውጊያ ሲወጋም ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፍና ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፤ ይህ ለአእምሮ የሚሰጠው ልምምድ ቀላል አይደለም። ሒሳቡን በአባከስ ዶቃዎች እየዳሰሰ ሲሠራም ቍጥር የሚጨበጥ ነገር ይሆንለታል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዶ የአስቴርን አሳብ ሕግ አድርጎታል፤ በቆርኪና በእንጨት ስብርባሪ መቍጠር፣ በቡድን መወያየትና ተውኔት መሥራትም በመምህራን ሥልጠና ይነገራል። ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ገለበጣው ዛሬም ያሸንፋል። የመምህሩን ድካም ባውቅም፣ እንቆቅልሽ ለመጠየቅና ልጅን አንድ አዲስ ዐረፍተ ነገር እንዲፈጥር ለማዘዝ ገንዘብ አያስፈልግም እላለሁ።

በቡራዩና በሱሉልታ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ለሥልጠና ወደ ሩቅ አገር መሄድን ከመመኘታችሁ በፊት ወደ ሰበታ ውረዱ። በዚያ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅም አለ። ዓይነ ስውራኑ እንዴት እንደሚማሩ አይታችሁ፣ በየክፍላችሁ ላሉት ለሚያዩት ልጆችም ያንኑ አድርጉላቸው።