የዲ ኤን ኤ ተሸካሚ ታሪክ

በፊዚክስ እንደተማርነው ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ። የዘር መልእክት የተጻፈበት ዲ ኤን ኤና የሕዋስ ሽፋን ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፤ ስለዚህ በዲ ኤን ኤ በሽታን ለመፈወስ ተሸካሚ ያስፈልጋል።

ሊቃውንት በቫይረስ ሞከሩ። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በዚሁ ሙከራ ሞተ። ዕድሜው የእኛው ዕድሜ ነውና ስናነበው ደነገጥን።

ሌላው መንገድ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ማክካቸንና ፓጋኖ ፖዘቲቭ በሆነ ዴክስትራን፥ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በስትራስቡርግ ቤርና ጓደኞቹ ፖሊኤትሊንኢሚን በተባለ ፖሊመር ዲ ኤን ኤን ወደ ሕዋስ አስገቡ። ፖሊመሩ ዲ ኤን ኤውን ስቦ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ ወደሚያንስ ጥቅል ያጨማትረዋል። ዳሩ ግን ዲ ኤን ኤውን አጥብቆ የሚይዘው ያው ፖዘቲቭ ቻርጅ የሕዋሱንም ሽፋን ይጎዳል፤ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ የሚደክሙት በዚህ ላይ ነው።