ቀብድ ለሁለት ወገን ነበር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ልጆቹ በጨዋታ ይከፍላሉ፣ የተሸነፈ ይነሳል። ሰሞኑን ባለቤቱ አስቁሞኝ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሙ «አዲሱ የእግር ኳስ ጌም ሳይወጣ ከአሁኑ ልክፈልልህ?» ብሎታል። ቀድሞ የከፈለ ከሌላው ሰው ጥቂት ቀን ቀድሞ ይጫወታል፣ አንዳንድ ጉርሻም አለው። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ፣ ምን ትለኛለህ?»

ስለ ጌም ብዙም አላውቅም። ስለ ቀብድ ግን ትንሽ አንብቤያለሁ።

ያላለቀን ነገር ቀድሞ መክፈል ለእኛ አዲስ አይደለም። ልብስ ሰፊም አናጺም ቀብድ ሳይቀበል ሥራ አይጀምርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በቁጥር 1885 ነገሩን በአጭሩ ቆርጦታል። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ የሰጠው ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በውላቸው ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ቀብድ ከፋዩን ብቻ አያስርም። እንዲያውም ተቀባዩን ይበልጥ የሚያስፈራው እሱ ነው። ዕቁብም ቢሆን ያለ ዳኛና ያለ ዋስ አይጣልም።

የጌሙም ታሪክ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። ጌም በዲስክ ታሽጎ በሚሸጥበት ዘመን ሱቁ የሚያመጣው ቁጥሩ የታወቀ ነው፣ ያልቃል። ጥቂት ገንዘብ አስይዞ ስምን ማስመዝገብ ያኔ ብልህነት ነበር። ዛሬ ጌም ከኢንተርኔት ይወርዳል። ፋይል አያልቅም። ልማዱ ግን ቀረ፣ ምክንያቱም ለሻጩ ይጠቅመዋል። ተቺዎች አይተው ሳይናገሩ በፊት ገንዘቡ ይገባለታል።

ውጤቱን ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሳይበርፐንክ 2077 ሲወጣ ነው። 8 ሚሊዮን ሰው አስቀድሞ ገዝቶት ነበር። በቀድሞዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ላይ ጌሙ ይቆራረጣል፣ ይዘጋል። ከመውጣቱ በፊት ለተቺዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ስለነበር ይህን ማንም አላስጠነቀቀም። በ8ኛው ቀን ሶኒ ከመደብሩ አወረደውና ለገዙት ገንዘባቸውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ድርጅቱ ኋላ ላይ ጌሙን አስተካክሎታል፣ ይህን መካድ አይገባም። ቀድሞ የከፈለው ግን ያልተስተካከለውን ነው የተቀበለው።

8 ቀን! እኛ ሰፈር ይህ ቁጥር ያስቃል። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ያለበት ሕንፃ ራሱ ሰው ሳያየው በቁጠባ ሲጠብቀው የኖረ ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. 450 ሺህ ገደማ ሰው ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 20/80፣ 40/60 እየተባለ አዲስ ምዝገባ ተከፈተ። ለባለ አንድ መኝታ 20/80 በወር 274 ብር፣ ለባለ ሦስት 685 ብር። ያኔ ዶላር 19 ብር አልሞላም ነበር፤ ሐምሌ 2016 ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንኩ ለቁጠባው ወለድ አስቧል። ወለዱ ግን ከሲሚንቶና ከብረት ዋጋ ጋር እኩል አልሮጠም።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ለ51,229 ቤት ዕጣ ወጣ። ከእኛው ክፍለ ከተማ አጠገብ ያሉት የኮዬ ፈጬ ቤቶች በወሰን ጥያቄ ተቃውሞ ገጠማቸውና ባለዕድሎቹ ቁልፍ መጠበቅ ያዙ። የ40/60ን ሙሉ ዋጋ ቀድመው የከፈሉ ሰዎች ደግሞ ቅድሚያ ይገባናል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,791 ቤት የወጣው ዕጣም በኮምፒውተር ማጭበርበር ምክንያት በቀናት ውስጥ ተሰረዘና ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ።

ፕሮግራሙን በጅምላ መኮነን አልፈልግም። በሱ ቤት ያገኘ ብዙ ሰው አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ራሷ ምስክር ናት። የምቃወመው ውሉን ነው። ቆጣቢው ወራት ካቋረጠ ከተራው ይወጣል። ገንዘቡን ማውጣት ይችላል፣ ካወጣ ግን የጠበቀው ዓመት ሁሉ ከንቱ ነው። ቤቱ በዘገየ ቁጥር በሌላው ወገን ላይ የሚቆጠር ቅጣት ግን የለም። ከአባቶቻችን ቀብድ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም የማስረከቢያ ቀንና ቀኑ ሲያልፍ የሚከፈል ካሳ፣ ወደፊት በሚከፈት ማንኛውም ምዝገባ ላይ ገና ከፊርማ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ከተፈረመ በኋላ የሚሰማ የለም።

ለፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት «ይቆይ» አልኩት። ጌሙ ሲወጣ ያው ነው፣ ከወራት በኋላ ዋጋውም ይወርዳል። ወንድሙ በገንዘቡ ጆይስቲክ ገዝቶ ላከለት። ቅዳሜ ሄጄ ሞከርኩት፣ ይሠራል። ተሸንፌም ተነሳሁ።